በአግዳሚው ፊት ስለ መንደሪን የተናገርኩት

ሳል ከሁለት ሳምንት ካለፈ አክታችሁን አስመርምሩ። ከዚህ ጽሑፍ ሌላው ሁሉ ቢረሳችሁ ይህን አንዱን አትርሱ። እኔ ሳሌን ሁለት ወር ሙሉ በአቧራ አሳብቤ ተቀምጫለሁ። በዚያ ላይ ሲጋራ አጨስ ነበር፤ ስለ ሲጋራውም ዋሽቻለሁ። ለመጻፍ የተነሣሁት በሽታውን ለመተረክ ብቻ ሳይሆን ያንን ውሸት ለመናገርም ነው።

ጊዜው ኮሌጅ የገባሁበት ዓመት ነበር። ቤታችን ካዛንቺስ፣ ኮሌጁ ሜክሲኮ ነው። ያኔ የባቡር መንገዱ እየተሠራ ስለነበር ከመስቀል አደባባይ እስከ ሜክሲኮ ምድሩ ተቆፍሮ፣ ታክሲ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አፍና አፍንጫውን በነጠላ ወይም በመሐረብ ሸፍኖ ነበር የሚሄደው። ስለዚህ መስከረም አጋማሽ ላይ ማሳል ስጀምር ማንንም አልገረመም። እናቴ «የባቡሩ አቧራ ነው፣ ያልፋል» አለች። ክፍል ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅም ያስል ነበር። በቃ፣ ከተማው በሙሉ የሚያስል መሰለኝ።

እኔ ግን ሌላ ምክንያት እንዳለ አውቅ ነበር። ሲጋራ የጀመርኩት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሆነን ለፈተና ስናጠና ነው። መጀመሪያ አንድ ፍሬ ለሁለት እንካፈል ነበር፤ ኮሌጅ ስገባ ብቻዬን በቀን ሰባት ስምንት ደርሻለሁ። እናቴ አታውቅም ብዬ አስብ ነበር። ቤት ከመግባቴ በፊት ማስቲካ አኝካለሁ፤ ስገባ ደግሞ ቀጥታ ወደ ማድ ቤት ሄጄ ጣቶቼን በሎሚ አሻለሁ። ሳሉ ሲበረታብኝ «የሲጋራ ሳል ነው፤ የመጀመሪያው ፈተና ሲያልቅ አቆማለሁ» እል ነበር ለራሴ። ሐኪም ጋ ብሄድ መጀመሪያ የምጠየቀው ስለ ሲጋራ እንደሚሆንና እናቴም አጠገቤ እንደምትቀመጥ ስለማውቅ ቀን ከቀን አዘገየሁት።

በመጨረሻ ትኩሳት ሲጨመርበት እናቴ ራሷ ይዛኝ ሄደች። እዚያው ሰፈራችን ባለ አንድ ክሊኒክ ደሜ ታየና «ታይፎይድም ታይፈስም አለብህ» ተባልኩ። የተሰጠኝን መድኃኒት ጨረስኩ፤ ትኩሳቱ ለሁለት ቀን ቀለል ብሎ ተመለሰ። ወደ ሌላ ክሊኒክ ሄድን። እዚያ ደግሞ ብሮንካይት ነው አሉ፤ የአየር ቧንቧ መቆጣት ማለት ነው። ሽሮፕ ሰጡኝ። በሁለቱም ቦታ ሐኪሙ «ታጨሳለህ?» ብሎ ጠየቀኝ። በሁለቱም ቦታ አፌን ሳልከፍት እናቴ መለሰችልኝ።

«ኧረ በስማም! የኔ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር የት ያውቃል!»

ሐኪሞቹም ይህንኑ ጻፉ። ማንም «እናት፣ አንድ ጊዜ ውጭ ይቆዩ» አላለም። እኔም አላልኩም።

ጥቅምት ሲያልቅ ሱሪዬን በገመድ ማሰር ጀመርኩ። ሌሊት ያልበኝና ጠዋት እናቴ አንሶላውን አውጥታ ስታሰጣ፣ ጎረቤት እንዳያይባት ከሌላ ልብስ ሥር ትደብቀው ነበር። ኅዳር ላይ አንድ ጠዋት የኮሌጃችንን ደረጃ ስወጣ ሳል ያዘኝና በመሐረቤ ላይ ደም አየሁ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ተማሪዎች ዘለውኝ ወደ ክፍል ገቡ። ለማንም አልነገርኩም፤ መሐረቡን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ወደ ቤት ተመለስኩ።

እናቴ መሐረቡን ከኪሴ አገኘችውና ቂርቆስ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። እዚያ አክታዬን ሦስት ጊዜ ተቀበሉኝ፤ አንዱን እዚያው፣ አንዱን በማግስቱ ጠዋት ከቤት ይዤ፣ አንዱን እንደገና እዚያው። ውጤቱን የጠበቅነው ቆርቆሮ በተጣለበት በረንዳ ላይ ነው። አጠገባችን የተቀመጠች ሴትዮ እናቴን «ምኑን ነው ያመመው?» ብላ ስትጠይቃት እናቴ «ብርድ» አለቻት። ሲጠሩን ገባን። ቲቢ ነው፣ የሳንባ ነቀርሳ። እናቴ አላለቀሰችም። ቤት ስንደርስ ኩባያዬን ለብቻ አስቀመጠችና እጀታው ላይ ቀይ ክር አሰረችበት። ክሩን ስታስር ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበር። አልተቀየምኳትም፤ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻይ ስጠጣ ዓይኔን ከክሩ ላይ ማንሣት አቃተኝ።

ሕክምናው ስድስት ወር ነው። የመጀመሪያውን ሁለት ወር በየቀኑ ጤና ጣቢያ እየሄዱ ክኒኑን ነርሷ ፊት መዋጥ ያስፈልጋል። ለሁለት ሳምንት ከኮሌጅ ቀረሁ። ሽንቴ እንደ ዛገ ውኃ ሲቀላ ደንግጬ «ሞትኩ» ብዬ ነበር፤ የመድኃኒቱ ቀለም መሆኑን የነገሩኝ ሲስተር አልማዝ ናቸው። የምፈራውን ነገር ሳልናገር የሚያውቁ ነርስ ነበሩ። በሳምንቱ መጨረሻ፣ ክፍሉ ውስጥ ለብቻችን ሆነን፣ ያንኑ ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ታጨሳለህ?»

በሩን አየሁ። እናቴ ሥራ ገብታለች። «አዎ» አልኩ።

«እንግዲህ ስማኝ። እኔ በዚህ ክኒን የቆሰለውን እሰፋልሃለሁ፤ አንተ ደግሞ ውጭ ወጥተህ የሰፋሁትን ትተረትራለህ። እስከ መቼ?»

«አቆማለሁ፣ ሲስተር።»

በማግስቱ ክኒኑን እንደዋጥኩ «ዛሬስ?» አሉኝ። ጠዋት ሁለት አጭሼ ነበር። ፊታቸው ላይ ያለውን ተስፋ ሳይ ግን አፌ ቀደመኝ። «አላጨስኩም።»

«ጎበዝ! ይኸው፣ ጎበዝ ልጅ!» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። እኔ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ «ጎበዝ» ለሚለው ቃል ስል ብዙ ነገር ያደረግሁ ሰው ነኝ። ካርዴ ላይ ምልክት ሲያደርጉ አየሁ። በዚያች ምልክት ምክንያት ከዚያ በኋላ የሲጋራ ነገር አቃተኝ ብዬ ልነግራቸው አልቻልኩም፤ ለእሳቸው እኔ ያቆምኩ ሰው ነበርኩ።

የክኒን ክፍሉ በር ላይ አንድ ትልቅ ሥዕል ተለጥፏል፤ የጠቆረ ሳንባ፣ አጠገቡ የራስ ቅል፣ ከሥሩ «ሲጋራ ይገድልዎታል» የሚል ጽሑፍ። እውነቱን ለመናገር ያንን ሥዕል ባየሁ ቁጥር ማጨስ ያምረኝ ነበር። ስፈራ እጄ ወደ ኪሴ ነው የሚሄደው፤ ፍርሃቴን የማስታግስበት ሌላ ነገር አልነበረኝም። ይህ የኔ ድክመት ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ጋሽ መኩሪያን ሳውቅ ነው።

ጋሽ መኩሪያ ላንቻ ጋራዥ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሞተር ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ፣ ስድሳ ያለፋቸው፣ ቀጭንና ቀልደኛ ሰው ናቸው። እሳቸውም ለቲቢ በየቀኑ ይመጣሉ፤ ክኒን በምንጠብቅበት አግዳሚ ላይ ከጎኔ ነው የሚቀመጡት። ጠዋት ጠዋት ክኒን ከመሰጠቱ በፊት ሲስተር አልማዝ በአግዳሚው ፊት ቆመው የጤና ትምህርት ይሰጣሉ። አንድ ቀን ስለ ሲጋራ ሲያስተምሩ ካንሰሩን፣ ልብ ድካሙን፣ ሞቱን ደረደሩት። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ያያል። ጋሽ መኩሪያ እጃቸውን አወጡ።

«ሲስተር፣ እኔን እንኳ በሞት አያስፈራሩኝ። በኔ ዕድሜ ሞት ስንቴ መጥቶ ስንቴ ከደጅ ተመለሰ! አሁን ደግሞ በሲጋራ በኩል ይመጣል ይሉኛል። ይምጣ! ክብሪት ያቀብለኛል።»

አግዳሚው በሳቅ ተናጋ። ሲስተርም ሳይወዱ ሳቁ። ትምህርቱ እንዳለቀ ጋሽ መኩሪያና ሌላ አንድ ሰው ተያይዘው ወደ በሩ ወጡ፤ ለምን እንደሆነ ሁላችንም አውቀናል። እኔም ከአምስት ደቂቃ በኋላ በሌላ አቅጣጫ ወጣሁ።

ታኅሣሥ ውስጥ ሲስተር አልማዝ ለሦስት ቀን ሥልጠና ሄደው ተመለሱ። በተመለሱበት ቀን የክኒን ክፍሉ ውስጥ እንዲህ አሉኝ። «ሰውን በሞት ብቻ ማስፈራራት አያስኬድም ተባልን። ይብስ አንገቱን ያስደፋዋል። ሲተው የሚያገኘውን ንገሩት፣ ከተቻለም የተወ ሰው ራሱ ይናገር አሉን። እኔ ደግሞ ያለኝ የተወ ሰው አንተ ነህ።»

«ሲስተር፣ እኔ እንኳን ሰው ፊት...»

«አንተ ተማሪ አይደለህ? ሁለት ደቂቃ ነው። ለነዚህ ሰዎች ስትል።»

ያኔ ነበር እውነቱን መናገር የነበረብኝ። ክፍሉ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። አልተናገርኩም። እንቢ ማለት ይሉኝታ ሆነብኝ፤ እንደዋሸሁ ማመን ደግሞ ከዚያ የባሰ።

አግዳሚው ላይ አሥራ አምስት ያህል ሰው ነበር። «ካቆምኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ» ብዬ ጀመርኩ። ኮሌጃችን አራተኛ ፎቅ ስወጣ አሁን አላርፍም አልኩ። ልብሴ አይሸትም አልኩ። ከዚያ የምለው አለቀብኝ። ሲስተር በርታ በሚል ዓይን ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። በሩ ውጭ አንዲት ሴት ጆንያ ዘርግታ መንደሪን ትሸጣለች፤ ዓይኔ እዚያ አረፈ።

«መንደሪን ሲላጥ ከሩቅ ይሸተኛል» አልኩ። «ድሮ አፍንጫዬ ሥር ሲላጥም አይሸተኝም ነበር።»

«ከሩቅ ስትል?» አሉ ጋሽ መኩሪያ፤ ልክ ስለ ሞተር እንደሚጠይቁ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው። «በስንት ሜትር?»

«እ... ከታክሲው ኋላ ወንበር እስከ ጋቢና ድረስ።»

ሰው ሳቀ። ጋሽ መኩሪያ ግን አልሳቁም። ክኒናቸውን ውጠው ከወጡ በኋላ ጠብቀው ያዙኝ። «ስማ ልጄ፣ እኔ እኮ ቤንዚን ከሸተተኝ ሃያ ዓመት ሆኖኛል። ቤንዚን! ጋራዥ ውስጥ ተቀምጬ! እውነት ይመለሳል ነው የምትለኝ?»

«ይመለሳል፣ ጋሽ መኩሪያ።»

«በል እንግዲህ እናያለን» አሉና ከኪሳቸው ፓኬቱን አውጥተው ለጥበቃው ሰጡት።

ሁለተኛው ሳምንት አልሞላም። አንድ ጠዋት ገና ከበሩ ሲገቡ እጃቸውን እያወዛወዙ ጮኹ። «ሸተተኝ!»

«ምኑ?»

«መንደሪኑ ነዋ! ከላንቻ ታክሲ ይዤ፣ አንዷ ኋላ ተቀምጣ ለልጇ ትልጣለች፣ እኔ ጋቢና ነኝ። ልክ እንዳልከው! ዞሬ ‹እናት ዓለም፣ መንደሪን ነው አይደል?› ብላት እብድ መስያት ልጇን እቅፍ አደረገች!»

አግዳሚው ሁሉ ሳቀ፤ ሲስተርም ከክፍላቸው ወጥተው አጨበጨቡ። እኔም ሳቅሁ። በዚያ ጠዋት ሦስት አጭሼ ነበር የመጣሁት። ለኔ መንደሪን ቀርቶ ምንም አይሸተኝም ነበር። ፈጥሬ የተናገርኩት ነገር የሌላ ሰው አፍንጫ ውስጥ እውነት ሆኖ መጣ፤ እኔ ውጭ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ ለመተው ብዙ ሞከርኩ። አንዴ ሁለት ቀን፣ አንዴ ደግሞ አንድ ቀን ተኩል ቆየሁ። ጋሽ መኩሪያ በየቀኑ አዲስ ነገር ይነግሩኛል። ዛሬ ደረጃ ወጣሁ፣ ዛሬ ጨው በዛበት ብዬ ከልጄ ተጣላሁ፣ አርባ ዓመት የበላሁት ወጥ ለካ ጨው ይበዛበት ነበር... በነገሩኝ ቁጥር እፍረቴ ይጨምራል፤ እፍረቴ በጨመረ ቁጥር ደግሞ ከጤና ጣቢያው ጀርባ እሄዳለሁ።

እዚያ ሁልጊዜ አንድ የተበላሸ የጭነት መኪና ይቆማል። ጥር ውስጥ አንድ ቀን ከመኪናው ጀርባ ተቀምጬ ሳጨስ የፌስታል ኮሽታ ሰማሁ። ጋሽ መኩሪያ ናቸው። ፌስታሉ ውስጥ መንደሪን ነበር፤ ለእኔና ለሲስተር የገዙት። የመኪናውን ሞተር ለማየት በዚያ በኩል ዞር ማለት ልማዳቸው መሆኑን እንዴት እንዳላሰብኩት አላውቅም።

ሲጋራውን መጣል እንኳ ረሳሁ። መጀመሪያ ሲጋራውን፣ ከዚያ እኔን አዩ። የተቆጡ አይመስሉም ነበር።

«ታዲያ መንደሪኑን ከየት አመጣኸው?» አሉኝ።

ከፌስታሉ አንድ መንደሪን አውጥተው የመኪናው ኮፈን ላይ አስቀመጡልኝና ሄዱ።

በማግስቱ አልመጡም፣ በሦስተኛውም ቀን አልመጡም። ሲስተር አልማዝ ተጨነቁ፤ ክኒኑ ከተቋረጠ በሽታው መድኃኒቱን ይለምድና አይበገርም። «ቤታቸውን ታውቃለህ አይደል? እስቲ ሄደህ እያቸው» አሉኝ። ለምን እንደቀሩ እያወቅሁ «እሺ ሲስተር» አልኩ።

ቤታቸው ላንቻ ነው። ሴት ልጃቸው ትዕግስት በር ከፈተችልኝ። ጋሽ መኩሪያ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ከፊታቸው የሰርዲን ጣሳ አለ፣ በሲጋራ ቁራጭ የተሞላ።

«ጋሽ መኩሪያ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ምን አደረግኸኝና? የተውኩት ባንተ አፍ ነው፣ የጀመርኩት በራሴ እጅ ነው። አንተን አልወቅስም።»

«መንደሪኑ ሸቶዎት የለም እንዴ? እሱ እኮ እውነት ነው።»

«ማን ያውቃል? ባንተ ወሬ የሸተተኝ ይሆናል።»

«እኔም ከዛሬ ጀምሮ አቆማለሁ።»

ሳቅ አሉ። «በፊትም ነግረኸኛል፣ ልጄ።»

ክኒኑን ግን እንዲቀጥሉ ለመንኳቸው፤ ትዕግስትም ለመነች። በአራተኛው ቀን ክንዳቸውን ይዤ ወደ ጤና ጣቢያው አመጣኋቸው። አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፤ ከጎኔ ሳይሆን ከወዲያኛው ጫፍ።

እቤታቸው የሄድኩ ዕለት ማታ ለእናቴ ነገርኳት። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ጀምሮ አጨሳለሁ፣ ዛሬ ማቆም እፈልጋለሁ፣ ብቻዬን አቃተኝ አልኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋውን አላቆመችም።

«አውቃለሁ» አለች። «ሎሚው በማን የሚያልቅ መስሎህ ነው?»

«ታዲያ ሐኪሙ ሲጠይቅ ለምን አያጨስም አልሽ?»

«ሰው ፊት ላዋርድህ?»

እኔ እንዳታፍርብኝ፣ እሷ እንዳላፍር፣ ሁለታችንም ሐኪሙን ዋሽተን ሁለት ወር አባክነናል። ከዚያ ማታ ጀምሮ በጣም ሲያምረኝ እነግራታለሁ፤ እሷም ሥራዋን ትታ አብራኝ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ወክ ታደርጋለች። «ትሞታለህ» አላለችኝም። «ዛሬ እስከ ታክሲው መታጠፊያ ድረስ አላሳልክም» ነው የምትለኝ። ያቆምኩት በዚህ ነው። አቆምኩ ብዬ ግን ለማንም አላወራሁም፤ ቃሌ ርካሽ ሆኖ ነበር። መንደሪን የሸተተኝ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ነው፣ ኮሌጅ ክፍል ውስጥ፣ ከኋላዬ የተቀመጠች ልጅ ስትልጥ። ልነግራቸው ብዬ በማግስቱ ጤና ጣቢያው ሄጄ ጋሽ መኩሪያን ፈለግሁ። ከበሩ ውጭ ቆመው እያጨሱ ነበር። አጠገባቸው ሄጄ ቆምኩ። በፊትም ነግረኸኛል የሚሉኝ መሰለኝና «እንዴት አደሩ» ብቻ ብዬ ገባሁ።

ግንቦት ላይ ስድስቱን ወር ጨረስኩ፤ አክታዬ ነጻ ሆነ። እናቴ ከኩባያዬ ላይ ክሩን በመቀስ ቆረጠችው። ጋሽ መኩሪያም ክኒናቸውን ጨርሰው ከቲቢው ዳኑ ተባለ፤ ትንፋሻቸው ግን አልተመለሰም፣ ሲጋራውንም አልተዉም። ሐምሌ ውስጥ አረፉ። ምን እንደገደላቸው በትክክል የነገረኝ የለም። በአንተ ምክንያት ነው ያለኝ የለም፣ በአንተ ምክንያት አይደለም ያለኝም የለም።

ለቅሶ ስደርስ ድንኳኑ ውስጥ ትዕግስት አወቀችኝ። «አባዬ ‹የመንደሪኑ ልጅ› ነበር የሚልህ» አለችኝ። «ለምንድን ነው? ስጠይቀው ይስቃል እንጂ አይነግረኝም።»

አልነገርኳትም።

ነሐሴ ላይ ሲስተር አልማዝ አዲስ ሕሙማን እንዳሉና መጥቼ እንድናገርላቸው ጠየቁኝ። ሄድኩ። ዝናብ ነበር፤ ሰው ሁሉ በረንዳው ላይ ተጠጋግቶ ተቀምጧል። ይህንን አሁን የጻፍኩትን በሙሉ ነገርኳቸው፤ ሁለቷን ሲጋራ፣ ካርዱ ላይ የተደረገችውን ምልክት፣ የጭነት መኪናውን፣ ጋሽ መኩሪያን። ሲስተር መጀመሪያ አዩኝ፤ ከዚያ ዓይናቸውን ወደ መዝገባቸው መለሱ። ስጨርስ ቀስ ብለው «ያኔ ብትነግረኝ ምን አደርግህ ነበር?» አሉኝ። ምንም አያደርጉኝም ነበር። ይረዱኝ ነበር።

ከአግዳሚው ጫፍ አንድ ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ። ጣቶቹ እንደ ጋሽ መኩሪያ ጣቶች ቢጫ ናቸው።

«እና መንደሪኑስ?» አለኝ። «እሱም ውሸት ነው?»

«እሱ እውነት ነው» አልኩት። «እኔ ሳላውቀው ነው የተናገርኩት። ያወቁት ጋሽ መኩሪያ ናቸው።»

ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ። ይመነኝ አይመነኝ አላወቅኩም። ስሙ ተጠራና ክኒኑን ለመዋጥ ገባ።